«አንሳልኝ» ያሉኝ ቀን

ባለፈው ጥር የልጅ ልጄን ስንድር ለሠርጉ የተቀጠረው ፎቶ አንሺ ከአንዲት እንግዳ ጋር ሊጣላ ደረሰ። ልጅቷ ትንሽ ካሜራ ይዛ ኋላ ኋላው ትከተለዋለች፤ እሱ ሰው ሲያሰልፍ እሷ ሰልፍ ያልገባውን ታነሳለች። ሰውየው ቢቸግረው እኔ ዘንድ መጣና «አባባ፣ እርስዎ በዚህ ሙያ ያረጁ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይገሥጹልኝ» አለኝ። ልጆቼ ቁጣዬን ስለሚያውቁት ልጅቷን እንዳላስለቅሳት ፈርተው ከበቡኝ። እኔ ግን ካሜራዋን ተቀብዬ ገልብጬ አየሁና መለስኩላት፤ ከመጫኗ በፊት አራቱን ማዕዘን እንድታይ ብቻ ነግሬ ሰደድኳት።

ፎቶ አንሺው ተቀየመኝ። የበኩር ልጄም «እኛን በትንሽ ጥፋት ሲቀጡን ኖረው ለባዕድ ልጅ ራሩ» አለኝ። ራርቼ አልነበረም። እኔም ወደዚህ ሙያ የገባሁት እንደዚያች ልጅ ነው፤ ሌላ ሰው ሊያነሳ የታዘዘበት ሠርግ ላይ በእንግድነት ካሜራ ይዤ። ይህን ለልጆቼ ተናግሬ አላውቅም። ሸዋ ሮቢት የነበረኝን ሱቅ ከዘጋሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ሌላውን «አትንቀሳቀስ» ሊል አይገባውም። ጊዜ ስላገኘሁ ለእነሱ እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት ቀወት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት የጎረቤት ዳዊት እየተዋስኩ ነው፤ ጣሊያንኛ የተማርኩት ደግሞ ከመንገድ ሥራ አለቆች ስድብ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ቋንቋው ከስድብ ሌላ ቃል ያለው አይመስለኝም ነበር። ጣሊያን ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሲሠራ ሮቢት ላይ ካምፕ ነበረው። እዚያ ድንጋይ ፈለጥኩ፣ ጠጠር ተሸከምኩ፣ ውሃ ቀዳሁ። እናንተ ልጆቼ፣ አንድ ቀን «ለጠላት ሠርተዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ተቆጥቼ ዝም አሰኝቻችሁ ነበር። መልሱ አዎ ነው። ሠርቻለሁ። ርቦኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም፤ ያገኘሁ መስሎ መታየትም አልፈልግም።

ከድንጋዩ ያወጡኝ ሙሴ ሀጎፕ ናቸው። አርመን ነበሩ፤ ከጣሊያን በፊት የመጡ። ካምፑ ዳር በድንኳን ውስጥ ሆነው ለይለፍ ወረቀት የሚሆን ፎቶ ያነሱ ነበር። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ አልሆንላቸው ብሎ ቀረ፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላሉ። ጢማም ሹፌር ፊታቸው ሲቀመጥ «አንቺ፣ ቀና በይ» ሲሉት ካምፑ ሁሉ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም፤ አያርሙም። መጀመሪያ ውሃ ቀጂ አድርገው ቀጠሩኝ። ደመወዙ ከድንጋዩ ያንስ ነበር፤ ጥላው ግን ይበልጥ ነበር።

ውሃ መቅዳት ቀላል ሥራ እንዳልሆነ የተማርኩት ከሳቸው ነው። የሮቢትን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ፎቶ የሚታጠብበት መድኃኒት ከሞቀ፣ በፊልሙ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ይለሰልስና እንደ ወተት ስልባቦት ተንሸራቶ ወደ ሳህኑ ይወርዳል፤ ሥዕሉም አብሮ። አንድ ጊዜ የአንድ ካፒቴን ፊት ጢሙ ሳይቀር ዓይናችን እያየ ሟሟ። ሙሴ ሀጎፕ ሳህኑን አፍጥጠው አዩና «ካፒቴኗ ሄደች» ብለው ውሃውን ደፉት። ከዚያ ወዲህ ውሃውን ከወንዝ አምጥቼ በነጠላ አጠልላለሁ፤ እንስራውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልዬ ነፋስ በሚመጣበት በኩል እሰቅላለሁ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እናጥባለን። ሙሴ ሀጎፕ ሁልጊዜ ከመጀመራቸው በፊት ትንሿን ጣታቸውን ውሃው ውስጥ አስገብተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሙቀት መለኪያ ነበራቸው፤ ጣታቸውን ካላማከሩ ግን አያምኑትም።

ሁለተኛው ልማዳቸው የማዕዘን ነገር ነው። ትልቁ ካሜራቸው በሦስት እግር የሚቆም፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ያለው ነበር። ጨርቁ ውስጥ ገብተው ከመጫናቸው በፊት አራቱን ማዕዘን ድምፅ እያሰሙ ይቆጥራሉ። አንድ ቀን ለምን ፊቱን እንደማያዩ ጠየቅኳቸው። «ፊቷን እሷ ራሷ ታስተካክላለች። ማዕዘን ግን ጠባቂ የላትም» አሉኝ።

ሦስተኛው ልማዳቸው ምላጭ ነበር። ያተሙትን ፎቶ ጠርዝ በምላጭ ያስተካክላሉ፤ የተጣመመ ነገር አይወዱም። ፊልሙን ግን አይነኩም። «ወረቀት ይቆረጣል፤ ፊልም አይቆረጥም» ይሉኝ ነበር፤ ይህን ሲሉ ምላጩን አስቀምጠው ነው። እኔም አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ቃል ሠርቻለሁ። እሳቸው ራሳቸው አንድ ጊዜ አፍርሰውታል፤ የምነግራችሁም እሱን ነው።

የራሴን ካሜራ ያገኘሁት ጀውሃ ላይ ከቆመ ጣሊያናዊ ሹፌር ነው። ተጣጣፊ ነበረች፤ ስትዘጋ ደረት ኪስ ትገባለች። አንድ ቅል ማርና የበግ አጎዛ ሰጥቼ ወሰድኩ። መዘርጊያ ቆዳዋ ተቀዶ ብርሃን ያስገባ ስለነበር ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ቆርጬ በሙጫ ጣፍኩት። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ሰው ሳያየኝ ማንሳት ጀመርኩ። እንቅልፍ የወሰደው ዘበኛ፣ ጫማውን የሚያሸት ሠራተኛ። ለሙሴ ሀጎፕ ባሳያቸው አንድ በአንድ አዩና «ይቺ ፎቶ አይደለችም። ወሬ ናት» አሉኝ። ቢሆንም ከእጃቸው አላስቀመጧቸውም፤ ደግመው አዩዋቸው።

ሰይድ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ለካምፑ በግመል አሸዋ የሚያመላልስ የቀወት ልጅ ነው። ከጀውሃ በላይ ካለ መንደር ዘይነብ የምትባል ልጅ ሊያገባ ሆነና ጠራኝ። መንገድ ላይ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ።

«ታዴ፣ እዚያ ቤት የወንድሟን ወሬ እንዳታነሳ። አጎቷ ገብቷል፤ ወንድሟ ወጥቷል።»

ይህ በዚያ ዘመን ለማንም ግልጽ ነበር። አጎትየው፣ ጋሽ ሁሴን፣ ለጣሊያን ገብተው መሬታቸውንና ነፍሳቸውን አትርፈዋል። ወንድምየው፣ ሙሄ፣ ጠመንጃ ይዞ ወደ ጋራው ወጥቷል። አባት ሞቷል። እናትየው እትዬ ከድጃ በወንድምና በልጅ መካከል ተቀምጠዋል፤ በቤታቸውም የሙሄ ስም አይነሳም። ሙሄን እኔ አይቼው አላውቅም።

ሠርጉ ቤት ስንደርስ ሙሴ ሀጎፕን ከነካሜራቸው ቆመው አገኘኋቸው። ጣሊያኑ የሮቢት ሹም ልኳቸው ነው። አገሩ ሰላም ገብቶ ሰው እየዳረ እንደሆነ ለአለቆቹ ሊያሳይ ፈልጎ፣ ከአስተርጓሚው ጋር ሰደዳቸው። የሚነሳው ሁሉ ወደ ቢሮው እንዲገባ ታዟል። ሙሴ ሀጎፕ እንስራ ልሰቅል ስሯሯጥ አይተው አስቆሙኝ። «አንቺ ዛሬ እንግዳ ነሽ። ሂጂ፣ ብዪ» አሉ። ለእኔና ለሁለት ክርስቲያን ጎረቤቶች በግ ለብቻ ታርዶ ስለነበር በላሁ። ከዚያ ሥራ የሌለው ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ትንሿን ካሜራ አወጣሁ።

አንድ ነገር ማወቅ እፈልግ ነበር። ሙሴ ሀጎፕ «አትንቀሳቀሺ» ሲሉ የሰው ፊት ወዴት ይሄዳል? ሲጨርሱስ ከየት ይመለሳል? ድንኳን ውስጥ ሁልጊዜ የማየው መካከሉን ብቻ ነው። እዚህ ግን ጋሽ ሁሴን ሹሙ የሰጣቸውን ካባ ደርበው ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸውን ይዘው እንደ ምሰሶ ይገተራሉ። ሙሴ ሀጎፕ ትልቁ ካሜራ በፊልም ፈንታ የሚጎርሰውን መስታወት ሊቀይሩ ዘወር ሲሉ ካባውን ከትከሻቸው አንሸራተው በእጃቸው ደረታቸውን ያራግባሉ፤ ፊታቸው በአንዴ የደከመው ገበሬ ፊት ይሆናል። ያንን አነሳሁ። ሚዜው የሰይድን ጥምጥም በምራቁ ሲያስተካክልለት አነሳሁ። ዳሱ በር ላይ የተከመረውን ጫማ አነሳሁ። ፊልሜ ስምንት ብቻ ስለሚያነሳ እየቆጠብኩ ነው።

ዳሱ በመካከል በመጋረጃ የተከፈለ ነበር፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን። በሁለቱም በኩል የሚያልፈው ካሜራ የያዘ ሰው ብቻ ነው። በመጋረጃው ጫፍ በኩል ሳልፍ እትዬ ከድጃ እጄን ያዙኝ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ነበሩ። ሰይድ አስተዋውቆኝ ስለነበር ስሜን ያውቁታል።

«ታደሰ፣ ልጄን፣ ሙሄን፣ አንሳልኝ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ ካልተነሳ ሌላ ቀን የለኝም።»

ስሙ በማይነሳበት ቤት እናትየው ራሳቸው ስሙን ጠርተው አንሳልኝ ሲሉኝ ልቤ ተነካ። ምን እንደፈለጉም ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። ከምግቡ በኋላ በወንዶቹ ወገን ዱዓ ይደረጋል፤ ሩቅ ያለው፣ የታመመው፣ የሞተው በስሙ ይነሳል። እሳቸው ወደዚያ ማለፍ አይችሉም። እኔ እችላለሁ። ስለዚህ ልጃቸውን በዱዓው እንዳስነሳላቸው ነው የለመኑኝ። «እሺ፣ እትዬ፣ አስነሳልዎታለሁ» አልኳቸው። እጄን ለቀቁኝና ወደ ዳሱ ጀርባ፣ ግመሎቹ ወደታሰሩበት፣ ፈጠን ብለው ሄዱ።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ካሜራ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ሥራዬ ማንሳት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው «እኔንም አንሳኝ» ሲለኝ ውሏል። እኚያ እናት አንሳልኝ ሲሉኝ ግን ቃሉ በሌላ በር ገባ፤ ሰይድ መንገድ ላይ «እንዳታነሳ» ያለኝ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበርና። ራሴን ብልህ አድርጌ የቆጠርኩበት ሰዓት ነው።

ሼሁ ዘንድ ሄጄ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። አስተርጓሚው አጠገባቸው ተቀምጦ ጫት ይቀነጥባል። ሼሁ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ማን ላከህ?» አሉ። እናቱ አልኩ። «ሰምቻለሁ፤ ሂድ» አሉኝ።

ከዚያ እንደተመለስኩ ሳቅ ሰማሁ። ሙሴ ሀጎፕ ከሙቀቱ የተነሳ ቁምጣ ለብሰው ነበር፤ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገብተው ራሳቸውና ትከሻቸው ጠፍቶ እግራቸው ብቻ ይታያል። ሴቶቹ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው እያዩ ናቸው።

«እዩዋት፣ ሁለተኛዋ ሙሽራ» አለች አንዷ። «እሷም ተሸፍናለች።»

«ይቺኛዋን የሚወስድ ወዮለት» አለች ሌላዋ። «እግሯን ላየ፣ ፍየል የዳሩለት ይመስለዋል።»

እትዬ ከድጃም ተመልሰው ከመካከላቸው ቆመው ነበር። ጨርቁን፣ ቁምጣውን፣ የሚስቁትን ሴቶች በአንድ ላይ ላስገባ ፈለግኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሳቁ ሳያልፍብኝ ብዬ ቸኩዬ ተጫንኩ። ማዕዘን አላየሁም። ቀኑን ሙሉ ሳልፈራ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ሙሴ ሀጎፕ ፎቶዋን ሲያዩ ምን እንደሚሉ እያሰብኩ።

ዱዓው ደረሰ። ሼሁ ሙሽሮቹን መረቁ፣ ሙታንን አነሱ፣ ከዚያ ድምፃቸው ሳይለወጥ «እዚህ ያለውንም፣ መንገድ ላይ ያለውንም፣ ስሙን አንተ የምታውቀውን ሁሉ ጠብቅልን» አሉ። ሁሉም አሚን አለ። አስተርጓሚውም አሚን አለ። የሙሄ ስም አልተጠራም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሼሁን ፈሪ ናቸው ብዬ ታዘብኳቸው። ስሙ ቢጠራ ኖሮ የዚያ ቤት ሣር ክዳን በነጋታው እንደሚቃጠል ያወቁት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ለእናት ቃሌን ለመጠበቅ ቤቱን ላስፈጅ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ከድጃ ፈልገው አገኙኝ። ፊታቸው በርቷል።

«አነሳኸው?»

«ተነሥቷል፣ እትዬ። ስሙን ባይጠሩትም ሼሁ አንሥተውታል።»

«ሼሁ?» አሉ። «ሼሁ ደግሞ ምን ካሜራ አላቸው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸውም ፊቴን አይተው ገባቸው። አልጮሁም። የተከመረው ጫማ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«ልጄ ግመል ይዞ እዚያ ቆሞ ነበር» አሉኝ በእጃቸው እያሳዩ። «ከጋራው በሰይድ ግመሎች መካከል ወርዶ፣ የእህቱን ሠርግ ሊያይ። መልኩ እንዲቀርልኝ ነው አንሳው ያልኩህ። አንተ የቆመውን ጥለህ ለአላህ ነገርክልኝ? አላህማ ያውቀዋል።»

ግመሎቹ ታስረውበት የነበረው ቦታ ባዶ ነበር። ብዙ ጊዜ ተሰድቤያለሁ፣ በአለቆች ተገርፌያለሁ። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የገባብኝ ግን የለም። ይቅርታ ልል ስሞክር ከኋላዬ አስተርጓሚው መጣ። የኔንም ካሜራ ሲያይ እንደዋለ፣ ፊልሜ ታጥቦ ከሙሴ ሀጎፕ መስታወቶች ጋር ነገ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ነገረኝ። እትዬ ከድጃ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። እኔ ያለ መጠን ቀለለኝ፤ እንኳን አላነሳሁት አልኩ በሆዴ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አጠብን። ሙሴ ሀጎፕ ጣታቸውን ነከሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ይሁን አሉ። የኔን ፊልም ወደ ብርሃን ይዘው ሲያዩ ስምንቱም ወጥተዋል። ፊልም ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው፤ ላለመደ ሰው ሁሉም ጋኔን ይመስላል። የራሳቸውን ቁምጣ ሲያዩ አፍንጫቸውን ነፉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ ማዕዘን አላየሽም» አሉኝ።

በግራ ጠርዝ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ራቅ ብሎ፣ የግመል አንገት ይታያል። ከአጠገቡ ሰው ቆሟል። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ፊት። በቀኝ በኩል ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እትዬ ከድጃ ከመካከላቸው ናቸው።

ግመሎቹ የታሰሩበት፣ እትዬ ከድጃ በእጃቸው ያሳዩኝ ቦታ ነው። ለሙሴ ሀጎፕ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሹሙ ቢሮ ውስጥ የሚያገለግል የቀወት ሰው ብዙ ነው፤ ማጉያ መነጽር ይዞ የሚያየው አይጠፋም። ፊልሙ ጠፋ ብንል ስምንቱን ሳነሳ አስተርጓሚው ቆጥሯል። በሙሉ ተበላሸ ብንል አብረው የታጠቡት መስታወቶች ለምን ዳኑ ይላል። እኔ ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ሙሴ ሀጎፕ ምላጩን አነሱ። ወረቀት የሚቆርጡበትን መስታወት አስቀመጡ። ፊልሙን በላዩ አጋደሙት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሱም፤ ምላጭ ይዘው ሲያመነቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በአንድ ስበት ጠርዙን ቆረጡት። ጣት የማይሞላ ቁራጭ። ቁራጩን ለእኔ ሰጥተው የቀረውን ፊልም የተቆረጠ ጠርዝ ብቻ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ሽፋኑ ለስልሶ እንደ ስልባቦት ተጨማደደ፣ ጥቂቱም ወረደ። የምላጭ መንገድ ጠፋ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸሹት የነበረውን ነገር በእጃቸው አደረጉት።

ሹሙ ፎቶዎቹን ሲያይ የሙሴ ሀጎፕን እግር አይቶ ሳቀ። አስተርጓሚው ግን ጠርዙን በጥፍሩ ነካ አድርጎ ምን ሆነ አለ።

«ሮቢት በላችው» አሉ ሙሴ ሀጎፕ። «እንደ ካፒቴኗ።»

የካፒቴኑን ታሪክ ካምፑ ሁሉ ያውቀው ስለነበር በዚያው አለቀ። እናንተን ውሸት ሲወጣችሁ በአለንጋ የቀጣሁ አባት ነኝ፤ ዛሬም ውሸት እጠላለሁ። ያንን ውሸት ግን በየትኛው ወገን እንደማስቀምጠው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሙሴ ሀጎፕም ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አንሥተው አያውቁም።

ቁራጩን ሳላጎላ በዚያው በፊልሙ ልክ አትሜ ወደ እትዬ ከድጃ ወሰድኩት። ከዚያ በፊት ፎቶ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ገለባበጡት፤ በየትኛው ወገን እንደሚታይ አሳየኋቸው። የልጃቸው መልክ ይሁን አይሁን እኔ ስለማላውቅ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

«እሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አቋቋሙ ግን ምነው እንዲህ ደረቀ? ልጄ እንዲህ ገትሮ የሚቆም ልጅ አይደለም።»

ከርቀት ስለተነሳ ነው አልኳቸው። ባለሙያ መስዬ የሰጠኋቸው መልስ ነው። ሴቶቹ ሲስቁ የተነሳ መሆኑን ስነግራቸው እሳቸው የት እንዳሉ ጠየቁኝ፤ ያኔ ከመካከላቸው ቆመው እንደነበር ያስታውሳሉ። እርስዎ በሹሙ ቢሮ ቀሩ አልኳቸው፤ ምላጩ በሁለታችሁ መካከል አልፏል። «እኔስ ልቅር» አሉና ቁራጯን በክታባቸው ቆዳ ውስጥ አስገብተው ሰፉት።

ሙሄ ጣሊያን ሳይወጣ ጋራው ላይ ወደቀ። የተቀበረበትን ያሳዩዋቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሌላው የሥራ ዘመኔ ብዙ የሚጻፍለት አይደለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሙሴ ሀጎፕ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ትልቁን ካሜራ ትተውልኝ ሄዱ። ደሴ ጥቂት ሠርቼ ሮቢት ተመለስኩ፤ ሱቅ ከፈትኩ። ለመታወቂያ፣ ለትዳር፣ ለሙት ዓመት አነሳሁ። ፍርድ ቤት የተጋጨ መኪና አስነሣኝ። ሹም በሹም ሲለወጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሥዕል እኔ አተምኩ፤ እኔው ሲወርድ አየሁ። ሰው ሳያየኝ ማንሳት ግን ከዚያ ሠርግ በኋላ ተውኩ። ሳልጠይቅ ማንንም አላነሳሁም። እናንተንም በዚህ ነው ያሳደግኳችሁ፤ ምክንያቱን ሳልነግራችሁ።

እትዬ ከድጃ አርጅተው ሲሞቱ ዘይነብ ክታቡን ይዛ ሱቄ መጣች። እሷም አያት ሆናለች። ቆዳውን ፈትታ ቁራጯን ስታወጣ ፎቶዋ በላብና በቅባት ጠፍታለች፤ የግመሉ አንገት ብቻ ቀርቷል። «ጋሼ፣ የሚሆን ነገር አለ?» አለችኝ። ነበር። የፊልሙን ቁራጭ በቆርቆሮ ሣጥን አስቀምጬው ነበር፤ ማጉያ መሣሪያ ግን ለከተማው መብራት እስኪገባ አልነበረኝም፣ ከገባ በኋላም ያንን ሣጥን ለመክፈት አልደፈርኩም።

ጨለማ ክፍል ገባሁ። ውሃውን በጣቴ ለካሁ። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ሳስገባ መጀመሪያ ግመሉ መጣ፣ ከዚያ ዱላ፣ ከዚያ ሰውየው።

ከጋራ በድብቅ የወረደ ሰው ፊቱን ሸፍኖ ነው የሚውለው። ይህ ግን ጥምጥሙን ከፊቱ አውርዶ በአንገቱ ላይ አስተካክሎ ጥሎታል። ነጠላው ታጥፎ ትከሻው ላይ በልኩ አርፏል። አንድ እጁ ዱላው ላይ፣ አንዱ ወገቡ ላይ። ደረቱ ተነፍቶ፣ ትንፋሹ ተይዞ፣ ሙሴ ሀጎፕ ፊት እንደተቀመጡት ሽማግሌዎች ተገትሯል። ወደ ሴቶቹ አላየም፤ ወደ ሙሽራዋም አላየም። የሚያየው እኔን ነው፤ በቀጥታ፣ ካሜራው ውስጥ።

እርጥቡን ወረቀት ለዘይነብ አወጣሁላት። አይታ አይታ «እማዬ ያኔ ሮጣ ሄዳ ነግራዋለች» አለች። «ታደሰን ነግሬዋለሁ፣ ካሜራውን ሲያዞርብህ ቁምለት ብላው ነበር። ተጫነ፣ አየሁት ብሎ ለግመል ነጂዎቹ ነግሮ ደስ ብሎት ነው የሄደው።»

በዚያ ፊልም ላይ ሌሎቹን ሁሉ ሳያውቁ አነሳኋቸው። እሱን ግን ሳላውቅ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ያውቅ ነበር።